የብየዳ ማሽን ሳይሰካ በፊት፦ እሳት ካየ ብየዳ ቤት የተጻፈ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በርና መስኮት የምንሠራበት ብየዳ ቤት አንድ ክረምት እሳት ተነሣበት። ጎረቤት ባይደርስልን የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ሰዉ ሁሉ የጠረጠረው ፍንጣሪ ነበር፤ እሳቱ ሲነሣ ግን የሚበይድ ሰው አልነበረም። ቤቱን ስንከራየው ከቆጣሪው ወደ ሥራ ቦታው ተስቦ ያገኘነው ገመድ፣ ኮርኒስ ውስጥ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነበረው። ሲግል ውሎ ማገሩን ያቀጣጠለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩንም፣ ማሽኑንም፣ አሠራራችንንም እንደ አዲስ አደራጅተናል። ሸዋ ሮቢትም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲናም ሆነ አንኮበር ማሽን ገዝቶ ሥራ ሊጀምር ያሰበ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ እኛ ካለፍንበት እንዲተርፍ ያደረግነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሠራነው ማሽኑ ከመስመሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ ማስላት ነበር። ማሽኑ ላይ 200 ተብሎ የተጻፈው የብየዳው አምፔር ነው፤ ከግድግዳው የሚሳበው ሌላ ነው። በ100 አምፔር ስትበይዱ አርኩ (በብየዳ ዘንጉ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱ፣ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነሣው እሳት) ላይ ያለው ቮልቴጅ 24 ገደማ ስለሆነ ኃይሉ 2.4 ኪሎዋት ይሆናል። የማሽኑ ብክነት ሲጨመርበት ተራ ኢንቨርተር (ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ የብየዳ ማሽን) ከ220 ቮልት መስመር 18 አምፔር አካባቢ ይስባል። በ160 አምፔር ከሠራችሁ 30 ያልፋል። የቤት ሶኬት የሚችለው ደግሞ 16 አምፔር ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ ሶኬቱም ለጊዜው ዝም ይላል፤ ቀስ በቀስ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ስለ መጋጠሚያው ይህን እወቁ። በደንብ ያልታሰረ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 30 አምፔር ሲያልፍበት 90 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ጣት ከማይሞላ ቦታ ነው፤ ያውም በናስትሮ ታፍኖ፣ ከደረቅ እንጨት ጋር ተጣብቆ። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ በሽቦው የሚያልፈው አምፔር ከተፈቀደው በታች ነውና አይወድቅም። ስለዚህ የብየዳ መስመር ላይ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ገመድ ፈጽሞ አይፈቀድ። መቀጠል ግድ ከሆነ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ ይሁን።

እኛ የዘረጋነው ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ባለ ሦስት ሽቦ የመዳብ ገመድ ነው፤ ከቆጣሪው ሰሌዳ እስከ ማሽኑ ያለ አንድ መጋጠሚያ። ለእሱ ብቻ የተመደበ 32 አምፔር ብሬከርና 32 አምፔር የሚችል የኢንዱስትሪ ሶኬት አለው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 2.5 ካሬ ገመድ ካለ ብሬከሩ 20 አምፔር ይሁን፤ «ቶሎ ቶሎ ይወድቃል» ተብሎ በ63 ከተቀየረ ከእንግዲህ የሚወድቅ ነገር የለም፣ የሚነድ ብቻ ነው። ፊውዝ በሽቦ ማሰርም ያው ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር መሳብን እንኳን ለብየዳ ለመጥበሻም አልመክርም። የኃይል ማሻሻያ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ጊዜ ቢወስድም ማሽን ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። በሁለት ፌዝ 380 ቮልት የሚሠራ አገር ውስጥ የተጠቀለለ ማሽን ገዝቶ ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ መቅረት ብዙ ሰው ላይ ደርሷል።

ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ የሚጣል ትርፍ ሽቦ አይደለም። የማሽኑ ውስጥ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ፣ ብሬከሩ የሚወድቀው ያ ሽቦ እውነተኛ መሬት ላይ ከደረሰ ነው፤ ካልደረሰ ግን የማሽኑን እጀታ የያዘው ሰው መሬት ይሆናል። የመሬት ዘንግ አስተክሉ፣ 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ጨምሩ። ይህ ብሬከር ግን የሚጠብቀው ከግድግዳው እስከ ማሽኑ ያለውን ብቻ ነው። በኤሌክትሮዱ በኩል ያለው ኤሌክትሪክ ከመስመሩ በትራንስፎርመር የተለየ ስለሆነ፣ ከኤሌክትሮዱ ንዝረት ብትቀበሉ ይህ መሣሪያ ምንም አያደርግላችሁም። እዚያ የሚያድናችሁ ደረቅ ጓንትና ደረቅ ጫማ ነው።

ግንባታ ቦታ ሄዶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ኤክስቴንሽኑን ያስብበት። 40 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ካሬ ገመድ 30 አምፔር ሲያልፍበት 28 ቮልት ያህል ይጥላል፤ ከ800 ዋት በላይ ሙቀትም በገመዱ ውስጥ ይቀራል። ተጠቅልሎ እንዳለ ከተሠራበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ውፍረቱም ከ4 ካሬ አይነስ። ማራዘም ካለባችሁ ይልቅ የብየዳውን ገመድ አራዝሙ፤ እስከ 200 አምፔር ለአጭር ርቀት 25 ካሬ፣ ራቅ ካለ 35 ካሬ።

ማሽን መምረጥ ላይ ስንደርስ አገር ውስጥ የተጠቀለለውን ትራንስፎርመር አልናቅነውም። ጠንካራ ነው፣ አቧራ አይበግረውም፣ ማንም ይጠግነዋል። ነገር ግን ሳይበየድ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚቆመው ቮልቴጅ ከፍተኛ ነው፤ ተለዋዋጭ በመሆኑም ጡንቻን ጨምድዶ ይይዛል። ብዙዎቹ ከላይ የተገለጠ መዳብ ይታይባቸዋል፤ ክዳን ሳይሠራለት አይሰካ። እኛ ኢንቨርተር ገዛን፤ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚስበው ያነሰ፣ አርኩም የረጋ ነው። ስትገዙ የአምፔሩን ቁጥር ብቻ አትዩ። ሰሌዳው ላይ በመቶኛ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ 160 አምፔር በ60 በመቶ ማለት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዳችሁ 4ቱን ታሳርፉታላችሁ ማለት ነው። በጣም ርካሹ ማሽን ላይ ይህ ቁጥር ጨርሶ አይጻፍም።

እዚህ ላይ የኛ አገር ከፍታ ይገባል። የብየዳ ማሽኖች መለኪያ የሚወሰደው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚሠራ ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ይታገላል። በሁለቱም በኩል መፍትሔው አንድ ነው፦ ሰሌዳው ከሚለው በላይ ማሳረፍ፣ ብየዳ ሲያልቅም ማሽኑን ቶሎ ሳያጠፉ ማራገቢያውን 5 ደቂቃ ያህል ማስኬድ።

ጄነሬተር ላይ ከፍታው ይበልጥ ይታያል። ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ደጋ ላይ ሲደርስ ከሩብ በላይ ሄዷል። 7 ኪሎ ቮልት አምፔር ተብሎ የተሸጠው 5 ቢሰጥ ነው። ለ3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ8 በታች አትግዙ። ቤት ውስጥም አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

መብራት ሲሄድ ወዲያው ማሽኑን አጥፉና ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ የኢንቨርተሩን ኤሌክትሮኒክ ካርድ ይበላል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ማታ ማታ መስመሩ 180 ቮልት ሲወርድ ደግሞ ማሽኑ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል፤ ገመዱ የሚግለውም ያኔ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ከደጅ የገባ ማሽን ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ደርቆ እስኪሞቅ አትሰኩት። ግራይንደሩ ፍንጣሪውን ወደ ማሽኑ እንዳይረጭ አቅጣጫውን አዙሩ፤ የብረት ብናኝ በማራገቢያው ገብቶ ካርዱን ያቃጥለዋል። በወር አንዴ ነቅሎ፣ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ በደረቅ አየር መንፋት ይበቃዋል።

ኧርዝ መቆንጠጫው፣ ማለትም የብየዳውን ኤሌክትሪክ ከብረቱ ወደ ማሽኑ የሚመልሰው፣ ብዙ ጥፋት የሚያደርስ፣ ማንም ግን ልብ የማይለው ዕቃ ነው። ቀለምና ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ፣ ከሚበየደው ቦታ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይቆንጠጥ። ራቅ ብሎ የሕንፃው ፌሮ ላይ ወይም የውኃ ቱቦ ላይ ከታሰረ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን መንገድ ራሱ ይመርጣል፤ አንዳንዴ ያ መንገድ የሌላ ማሽን የመሬት ሽቦ ሆኖ ይቃጠላል። በደሴ መንገድ የሚመላለሱ አይሱዙዎች ለብየዳ ሲመጡ መጀመሪያ የባትሪው ሁለቱም ጫፍ ይፈታ፤ መቆንጠጫውም እዚያው የሚበየደው ብረት ላይ ይሁን። ጎማው በኩል ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ኳሶች ውስጥ ያልፋል፤ ኩሽኔታው ሳይታወቅ ይጎዳና ከሳምንታት በኋላ መጮህ ይጀምራል።

አለባበስ ላይ የኛ ብርድ ፈተና ነው። ጠዋት ጠዋት የሚለበሰው ናይለን ጃኬትና ሰው ሠራሽ ሹራብ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ፣ የበግ ጸጉር ወይም ቆዳ ይሁን። ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ፤ ጫማ ውስጥ ከተከተተ ፍንጣሪው ሰተት ብሎ ይገባል። ላይተር ከኪስ ይውጣ። በአንገት ላይ ያለ የብረት ሐብልና መስቀል፣ ቀለበትና ሰዓትም ይውለቅ።

የማስኩ መስታወት ቁጥር ሲገዛ ይታይ። ከ60 እስከ 160 አምፔር 10 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ እስከ 250 ደግሞ 12 ይመረጣል። የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት ቢደረብም፣ የማይታየውን ጨረር በበቂ አያስቀርም፤ ይባስ ብሎ ብሌን አስፍቶ ያስገባዋል። አጠገብ የሚይዝ ረዳትና ቆሞ የሚያይ ልጅም ይጎዳል፤ ስለዚህ መንገድ ዳር የሚሠራ ቢያንስ የቆርቆሮ መከለያ ያቁም።

አሁን አርኩን እንነሣ። ለ1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬና ለኤልቲዜድ (ለበርና መስኮት የሚሆነው ብረት) 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ ከ60 እስከ 75 አምፔር ጀምሩ። ወፈር ያለ ብረት ላይ ያው ኤሌክትሮድ እስከ 90 ይሄዳል። 3.2 ሚሊሜትሩ ከ90 እስከ 130 ነው። ገበያው ላይ የሚበዛው 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ለተለዋዋጭም ለቀጥታ ኤሌክትሪክም ይሆናል፤ 7018 ግን ኢንቨርተር ላይ ኤሌክትሮዱ በመደመር ምልክቱ በኩል ታስሮ፣ ደርቆ መገኘት አለበት። የሐምሌና የነሐሴ ጭጋግ፣ በተለይ ጣርማበር አካባቢ፣ ክፍት ፓኬት ያረጥባል፤ የረጠበ ኤሌክትሮድ ይተፋል፣ ብየዳውም ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት።

ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጭራችሁ፣ አርኩ ሲነሣ ከራሱ ውፍረት ያልበለጠ ርቀት ጠብቁ። ከብረቱ ጋር ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሠርቶ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ዘንበል ይበል። ድምፁ ሳይቆራረጥ ከቀጠለ አምፔሩ ልክ ነው። ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ መስመሩ ላይ ከተቆለለ አንሷል፤ ግማሹ ሳያልቅ ከቀላና ብረቱ ዳርና ዳሩ ከተበላ በዝቷል። ሲጣበቅ ጠምዝዛችሁ አላቁት፤ እንቢ ካለ ከመያዣው ፍቱትና ማስኩን ያኔ አንሡ። ብዙ ዓይን የሚመታው የተጣበቀውን ለመንቀል ማስኩን ቀድሞ ያነሣ ሰው ላይ ነው፤ ሲላቀቅ አርኩ እንደገና ይነሣበታልና። ስላግ የሚባለውን ቅርፊት በመዶሻ ስትመቱም ነጭ መነጽር አድርጉ፤ ትኩስ ቅርፊት ዓይን ላይ ሲያርፍ ለማውጣት ያስቸግራል።

ኤሌክትሮድ ሲቀየር ባዶ እጅ አይሁን። ላብ ያራሰው ጓንት፣ የዘነበበት መሬት፣ ብረት ላይ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ መሥራት፣ እነዚህ ሲገጣጠሙ ንዝረቱ በደረት በኩል ያልፋል። ደረቅ ሳንቃ ከእግራችሁ ሥር አድርጉ፤ ሁለት ጓንት ይኑራችሁ፣ አንዱ ሲረጥብ ሌላውን አጥልቁ። ታንከር ውስጥ ገብቶ መበየድ ያለ ተጠባባቂ ሰውና ያለ አየር ማስገቢያ አይሞከር።

ጋላቫናይዝድ ቱቦና ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው። ከሰዓታት በኋላ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ብርድ ብርድ ይልና ትኩሳት ይከተላል፤ ብዙ ሰው ወባ ወይም ጉንፋን ይመስለዋል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ዳግመኛ ግን መጋበዝ የለበትም። የዚንክ ልባሱን ከሚበየደው ቦታ በሁለቱም በኩል 3 ሴንቲሜትር ያህል በግራይንደር ግፈፉ፣ ደጅ ላይ ነፋሱን በጎናችሁ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ራሳችሁን ከጭሱ ዓምድ አውጡ። ወተት ጭሱን ያጥባል የሚለው እምነት እኛ አገር የጸና ነው። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ፣ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ጠጡ፣ ምግብ ነው፤ ግን መከላከያ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ በርሜል ላይ ነው። ገበሬው ለውኃ ወይም ለእህል ሊያደርገው ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ይዞ ይመጣል፤ ታጥቧል ይላል። በውኃ መታጠብ አያጸዳውም። በመገጣጠሚያው ውስጥ የቀረው ቅባት ሲሞቅ ተን ይሆንና ይፈነዳል፤ ክዳኑም ሰው ይገድላል። የሞተርና የባጃጅ ነዳጅ ታንከርም ከዚህ አይለይም። ይዞት የመጣው አጎታችሁም ቢሆን፣ «አባባ፣ ይህን አልነካም» ብላችሁ መልሱ። ምን ተይዞበት እንደነበረ የማይታወቅ በርሜልም የነዳጅ እንደሆነ ይቆጠር።

ግራይንደር ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ መከላከያውን ፈትቶ ትልቅ ዲስክ ማሰር ይቁም። 230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚችለው በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው፤ ትንሹ ማሽን ግን ከ10,000 በላይ ይዞራል። ዲስኩ ይበተናል። መሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም ተመልከቱ።

ፍንጣሪ 10 ሜትር ይደርሳል። ገጠር ሄዳችሁ የቤት በር ስትገጥሙ ጭድና ገለባ፣ የተከመረ ማገዶ፣ የኮርኒስ ጨርቅ ይነሣ ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አንድ ሰው እዚያው ይቆይ፤ ጭድ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ሳይጨስ ይቆይና ዘግይቶ ይነሣል። አሸዋ የሞላ ባልዲና የዱቄት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭ።

ዓይን ከተመታ ሕመሙ የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ እንባ ይወርዳል፣ ብርሃን አይቻልም። ድንች ቆርጦ መለጠፍ፣ የጡት ወተት ማንጠብ፣ ከፋርማሲ የማደንዘዣ ጠብታ ገዝቶ መደጋገም፣ ሁሉም ይቅር፤ ድንቹና ወተቱ ጀርም ያስገባሉ፣ የማደንዘዣው ጠብታ ደግሞ ሲደጋገም ዓይኑ እንዳይድን ያደርጋል። በንጹሕ ውኃ የራሰ ቀዝቃዛ ጨርቅ ከላይ አድርጉ፣ ጨለማ ቦታ አርፉ፣ ሲነጋ ዓይን ክሊኒክ ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይድናል፤ ካልቀነሰ ብረት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ቡና አይደረግ። 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይቆይና በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ካለ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፤ እጁን ለመጎተት አትንኩት። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ በደረቅ እንጨት ገመዱን አርቁለት። ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጫኑ፣ ሌላ ሰው መኪና ይጥራ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ በዚያው ቀን የልቡ ምት ሐኪም ቤት ይታይ፤ ተመልሶ ማሽኑ ላይ አይቁም።